ስለ ፊት መጣመም ምክንያትና ምልክት
በሞያሌ ከተማ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



አንድ ሰው በጤና ውሎ በማግሥቱ ሲነሣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ይገኛል። ሌሊቱን ከናይሮቢ በአውቶቡስ የመጣ እንደ ሆነ «በመስኮት የገባ ነፋስ መታው» ይባልለታል፤ ሌላውም «ጋኔን በጥፊ መታው» ይላል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 7ኛው ነው። ይህ ነርቭ በጆሮ አጠገብ በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ፤ ባበጠ ጊዜ ይታመቅና ሥራውን ያቆማል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ቤል በ1821 እ.ኤ.አ. ስለ ፊት ነርቮች ስለ ጻፈ፤ ምክንያቱ ተለይቶ ያልታወቀው ዓይነት በስሙ ይጠራል። እብጠቱን የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ በከንፈር ላይ ቍስል የሚያወጣው ቫይረስ እንደ ሆነ ይገመታል። የጆሮ መመርቀዝ፤ አልማዝ ባለጭራና የራስ አጥንት ስብራትም ያመጡታል። የስኳር ሕመምተኞችና እርጉዞች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ምልክቱም በአንድ ወገን ግንባር አለመሸብሸቡ፤ ዓይን አለመከደኑ፤ የአፍ ጥግ መውረዱ፤ ምራቅ መፍሰሱና ጣዕም መጥፋቱ ነው። ነገር ግን ግንባሩ እንደ ወትሮው እየተሸበሸበ አፍ ብቻ ቢጣመም፤ ወይም ክንድ ቢዝልና አንደበት ቢተሳሰር፤ ሕመሙ ከአንጎል የደም ሥር የመጣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንዲት ሰዓት እንኳ ማሳለፍ አይገባም።

ሐኪም የሚያዘው ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር የበለጠ ይጠቅማል። ነፋሱን ስንረግም ግን ሦስቱ ቀኖች ያልፋሉ። ያልተከደነ ዓይንም በአቧራ ይቈስላልና፤ ቀን በመነጽር፤ ሌሊት በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይጠበቅ፤ ሐኪም ያዘዘውም የዓይን ጠብታ ይደረግለት።

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንት ይህን በየስብሰባው እንድታስታውቁ፤ ነዋሪዎችም በድንበሩ ከወዲህም ሆነ ከወዲያ ብትገኙ ሕመምተኛውን በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል እንድታደርሱ አደራ እላለሁ። ከታመሙት አብዛኞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይድናሉ፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ፊቱን ከሰው ሊሰውር አይገባውም።