ዓይናችን ፊት ላይ የት ያርፋል?



ሰው ሲያነጋግራችሁ ፊቱን ታያላችሁ። ግን ከፊቱ የትኛውን ነው የምታዩት? ግንባሩን ነው? አፍንጫውን ነው? ወይስ ዓይኑን? «ፊቱን በሙሉ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ክንዳችሁን ዘርጉና የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። ዓይናችን አጥርቶ የሚያየው ያቺን ጥፍር የምታክል ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ደብዘዝ ይላል። ስለዚህ ዓይን አንድ ቦታ ጥቂት ያርፍና ወደ ሌላው ይዘላል። በአንድ ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል። ስታነቡም ዓይናችሁ በመስመሩ ላይ እንደ ውሃ አይፈስም፤ እንደ ፌንጣ ይዘላል እንጂ።

ታዲያ ይህ ዝላይ እንዴት ይለካል? አልፍሬድ ያርቡስ የሚባል ተመራማሪ በሞስኮ ከተማ አንድ ዘዴ ፈጠረ። የሰውየውን ዓይን በመድኃኒት አደንዝዞ ትንሽ መስተዋት ያለበት ቆብ ለጠፈበት። በመስተዋቱም ላይ ብርሃን አበራበት። ልጆች በመስተዋት የፀሐይን ብርሃን ግድግዳ ላይ ሲያጫውቱ አይታችሁ የለ? ይህም እንደዚያው ነው። ዓይን ሲንቀሳቀስ ከመስተዋቱ የሚመለሰው ብርሃን ይንቀሳቀሳል፤ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይም መስመር ያሠምራል። ያርቡስ ሥራውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በመጽሐፍ አወጣ።

የአንዲት ልጃገረድን ፎቶግራፍ ለሰው ቢያሳይ፣ መስመሮቹ በብዛት የተጠራቀሙት በዓይኖቿና በአፏ ላይ ሆነው ተገኙ። ቀጥሎም ኢልያ ሬፒን የሣለውን ሥዕል አሳየ። ሥዕሉ ሳይታሰብ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰውን ያሳያል። «የሰዎቹን ዕድሜ ገምት» ሲባል የተመልካቹ ዓይን ከፊት ወደ ፊት ሄደ። «ኑሯቸው እንዴት ነው?» ሲባል ግን ወደ ልብሱና ወደ ቤቱ ዕቃ ዞረ። ዓይን ጥያቄን ይከተላል ማለት ነው።

የዛሬው መሣሪያ ዓይንን አይነካም። ለእኛ የማይታየን ብርሃን ወደ ዓይን ይላካል። ካሜራም ብሌኑንና በዓይን ላይ የምታብለጨልጨውን ነጥብ እያነሣ፣ ሰውየው የት እንደሚያይ ያሰላል።

በዚህ መሣሪያ ብዙ ነገር ታውቋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ምዕራባውያን ፊትን ሲያዩ ዓይንና አፍ ላይ ሲያተኩሩ፣ የምሥራቅ እስያ ሰዎች ደግሞ መሐል ፊት፣ አፍንጫው አካባቢ ያተኩራሉ። አስተያየትም እንደ አገሩ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ፊልም ሲያዩ ከሌሎች ይልቅ የሰውን ዓይን ጥቂት፣ አፉን ግን ብዙ እንደሚያዩ ገለጸ።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ይጠቅማል እንጂ! በሽምግልና ላይ አንድ ወጣት ለምስክርነት ሲቀርብ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ያን ጊዜ «ዓይኑን የሰበረው ቢዋሽ ነው» የሚል ሰው አለ። በእኛ ባህል ግን ታናሽ በታላቁ ፊት ዓይኑን ዝቅ የሚያደርገው አክብሮት ነው። መሣሪያው እንኳ የሚነግረን ዓይን የት እንዳረፈ ነው፤ ልብ ያሰበውን አይነግረንም። ምስክርን በዓይኑ ሳይሆን በቃሉና በማስረጃው መዝኑት።

ልጃችሁም የሰው ዓይን የማያይ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ አፉን ለመፍታትም የዘገየ ቢሆን «እርግማን ነው» ብላችሁ ጓዳ አትደብቁት። እናቱንም አትውቀሱ። ዓይን አለማየት ብቻውን በሽታ ነው አይባልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነውና። ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ያያችሁትን ሁሉ ለባለሙያው ንገሩ። ቶሎ የታየ ልጅ ቶሎ ይረዳል።