ሞተር ሲደክም አስቀድሞ አየሩን መመርመር
(በሐዋሳ ከተማ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ኢንተርኩለር ባለውና በሌለው የናፍታ ሞተር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ነገሩ በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ በጋራዥ ውስጥ ግን ይህን ልዩነት ልብ አለማለት የሰው ንብረት ያጠፋል። ለዚህም ምስክሩ እኔው ራሴ ነኝ።

እንደሚታወቀው የናፍታ ሞተር ኀይል የሚወሰነው በሚረጨው ናፍታ ብቻ ሳይሆን፣ ናፍታውን ለማቃጠል በሚገኘው አየር ጭምር ነው። ከተማችን ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ብዙዎቻችን «ኤንትሬ» እያልን የምናውቀው ፊያት 682 ቱርቦ አልነበረውም፤ የሚስበው በደጅ ያገኘውን አየር ብቻ ስለ ነበረ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንስ ነበር።

ይህን ጉድለት የሚሞላውን የቱርቦ ሐሳብ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ። ቱርቦ ከሲሊንደር በሚወጣው ጢስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ያስገባል። ነገር ግን አየር ሲታመቅ ይግላል፤ የጋለ አየርም ይሳሳል። 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው አየር ግፊቱ እጥፍ እስኪሆን ሲታመቅ 120 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። ከራዲያተሩ ፊት የሚቆመው ኢንተርኩለር ይህን አየር ወደ 50 ዲግሪ ቢያወርደው፣ በዚያው ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ከዚህም የተነሣ ናፍታው በሚገባ ይቃጠላል፤ ፒስቶንና ቫልቮላም ከመጠን ካለፈ ሙቀት ይድናሉ። ባለ 371 የፈረስ ጉልበቱ ሲኖትራክ ይህን ያህል ኀይል 10 ሊትር ከማይሞላ ሞተር የሚያወጣው በዚሁ ዘዴ ነው።

ኢንተርኩለር የሌለው ባለ ቱርቦ ሞተርም የራሱ መልካም ጎን አለው፤ የአየር ቱቦው አጭር፣ መጋጠሚያውም ጥቂት ስለሆነ የሚያፈስበት ቦታ ያነሰ ነው። ባለ ኢንተርኩለሩ ግን አየሩን በረዥም መንገድ አዙሮ ስለሚያመጣ የጎማ ቱቦውና ማሰሪያው ይበዛል። የእኔም ስሕተት የተፈጸመው በዚህ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ባለንብረት መኪናው የሀገረ ሰላምን ዳገት እንዳቃተው ነግሮኝ አመጣልኝ። እኔም በቀድሞዎቹ ሞተሮች እንደ ለመድሁት የፖምፓውን ናፍታ ጨመርሁ። ጉልበቱ ጥቂት ተሻለ፤ ጢሱ ግን ጠቆረ። ሳምንታት ሳያልፉ መኪናው ተጎትቶ ተመለሰ፤ ሞተሩ ሲከፈት አንደኛው ፒስቶን ቀልጦ ተገኘ። ኋላ ስመረምር ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው የጎማ ቱቦ ከማሰሪያው ሥር ተቀድዶ ኖሯል። አየሩ በዚያ እያመለጠ ሳለ እኔ ናፍታ ጨመርሁበት! ባለንብረቱ «መኪና ነው፤ ይበላሻል» ብሎ ከፍሎ ሄደ። ያን ዕለት እውነቱን አልነገርሁትም። ቆይቼ ነገርሁት፤ የእጅ ዋጋዬንም መለስሁ፤ ያለ ሥራ የቆመበትን ወር ግን ልመልስለት አልቻልሁም።

ስለሆነም ለወጣት ባልደረቦቼ የማሳስበው ይህ ነው። ፖምፓ ከመንካታችሁ በፊት የአየር ማጣሪያውን እዩ፤ ቱቦዎቹን በአነስተኛ የአየር ግፊት ሞልታችሁ በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ በኢንተርኩለሩ ክንፎች መካከል የገባውን ጭቃና አቧራ አጽዱ፤ በውስጡ ዘይት ካገኛችሁም ወደ ቱርቦው ተመልከቱ። የሚያፈስ ኢንተርኩለርን አውጥቶ በቀጥታ ቱቦ ማገናኘት ጥገና አይደለም፤ ለብዙ አየር የተወሰነው ናፍታ በጥቂትና በጋለ አየር እንዲቃጠል ማድረግ ነውና።

ባለንብረቱ ሞተሩን ከፍቶ ሊያይ አይችልም፤ የሚያምነው የእኛን ቃል ነው። ይህን እምነት መጠበቅ የሙያችን ክብር ነው።