የልጆቻችን መካሪ ማን ነው?



ወንድ ልጅ ሴትን ማክበር ቀድሞ የሚማረው ከቤቱና ከጎረቤቱ ነበር፤ ዛሬ ግን በኪሱ የሚዞር ሌላ መካሪ አለው። በአየርላንድ አገር የደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸውን ወጣት ወንዶች አስመስለው በአዳዲስ ስልኮች ቲክቶክንና ዩቲዩብን ከፈቱ። በ23 ደቂቃ ውስጥ፣ የተፈለገበትም ያልተፈለገበትም ስልክ ሁሉ የወንድን የበላይነት የሚሰብክ ትዕይንት አቀረበ። መሣሪያው የሚመዝነው ተመልካቹ የቈየበትን ጊዜ እንጂ የነገሩን እውነትነት አይደለምና።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ስንመለስ ስልኩን በመንጠቅ ብቻ አንወሰን፤ ልጁ ያየውን እንጠይቀው፤ አብረንም እንመርምረው። አባቱ እናቱን ሲያከብር፣ እኅቱም ከእርሱ እኩል ስትደመጥ ያየ ልጅ፣ ስድብን ከሐቅ የሚለይበት መመዘኛ አለው። እኛ ዝም ያልን እንደ ሆነ ግን የመካሪነቱን ወንበር ስልኩ ይይዘዋል።