ስለ ድምፅ ማጉያና ስለ ሰበቡ



በዛሬው በዓል ስለ ታላላቅ ነገር የሚናገሩ ሞልተዋልና፣ እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ስለ አንድ ትንሽ ነገር፣ ይኸውም የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ስለሚሰጠው ሰበብ እንድንናገር ይፈቀድልን።

ሰባኪው «በስመ አብ» ብለው ሲጀምሩ ማጉያው «ዊይይ» ብሎ ይጮኻል። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ እርግቦች ከጣሪያው ይበራሉ። ያን ጊዜ ሰበቡ ይጎርፋል። አንዱ «መብራት ኃይል ነው» ይላል፤ አምፖሉ ግን ቦግ ብሎ በርቷል። ሌላው «ሽቦውን አይጥ በልታዋለች» ይላል፤ ይህች አይጥ በንግሥ ዋዜማ ብቻ የምትራብ መሆኗ ያስደንቃል። ሦስተኛው «ዝናብ ገብቶበት ነው» ይላል፤ ያውም በጥር! በመጨረሻ ሁሉም በሰይጣን ይላከካል። ሰይጣን ብዙ በደል አለበት፤ ይህኛው ግን የእርሱ አይደለም።

የጩኸቱ ምክንያት እንዲህ ነው። ማይክሮፎኑ የተቀበለው ድምፅ ጎልቶ በመለከቱ ይወጣል። ማይክሮፎኑ በመለከቱ ፊት ከሆነ ያንኑ ድምፅ መልሶ ይቀበለዋል፤ መለከቱም የባሰ አጉልቶ ያወጣዋል፤ እንዲህ ሲዞር በቅጽበት ጩኸት ይሆናል። ነገሩ በዴንማርካዊው ሊቅ በሶረን አብሳሎን ላርሰን ስም ይጠራል። መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም፤ መለከቱን ከሰባኪው ወደ ፊት አውጥቶ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ማዞር፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማስጠጋት፣ ኃይሉንም ጥቂት መቀነስ ነው። «ዝዝዝ» የሚለው ግን ሌላ ነው። የማይክሮፎኑ ገመድ ከመብራት ሽቦ ጎን ለጎን ሲዘረጋ፣ በአገራችን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ይጋባበታል። «መብራት ኃይል ነው» ያለው ሰው እዚህ ላይ ሳያውቀው ወደ እውነቱ ተጠግቷል። ማብሪያውን መጫን የተረሳበትን ቀን እንለፈው።

በቅኔ ማኅሌት የቆሙት ያለ ማጉያም ይሰማሉ። ከቅጥሩ ዳር፣ ከጽዱ ሥር የተቀመጡት አረጋውያን እናቶቻችን ግን አይሰሙም፤ በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳልና። ሌሊት ተነሥተው፣ በእግራቸው መጥተው፣ የሚደርሳቸው ጩኸቱ ብቻ ነው። ማታ «ዛሬ ምን ተሰበከ?» ስንላቸው «ደኅና ነገር ነው ልጄ» ይሉናል። እኛን ያሳሰበን ይህ መልስ ነው።

ስለዚህ የክበባችን አባላት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጠራን ደብር ሁሉ ዘንድ ሄደን ገመዱን ለመመርመር ዝግጁ ነን። ለአይጧም ድመት ይዘን እንመጣለን።