ኮምፒዩተር ቃላችንን ያስተውል ዘንድ
(በባሕር ዳር ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ኮምፒዩተር የሰውን ቋንቋ እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል፥ ይህም ዕውቀት በጣና ዳር ለሚኖረው ወገናችን ምን እንደሚጠቅም ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከደጃችን የደረሰ ነው።

አንዲት እናት ከዘጌ ወደ ጤና ጣቢያ በስልክ «ምግብ አልበላም» ብላ ጻፈች እንበል። «ላ» ሲጠብቅ ልጇ አለመብላቱን መንገሯ ነው፤ ሲላላ ግን እርሷ ራሷ አልበላም ማለቷ ነው። እንግዲህ በሽተኛው ማን ነው? በተለመደው ጽሑፋችን የማጥበቂያ ምልክት ስለማይደረግ ፊደሉ ብቻውን አይመልስም። እኛ ከነገሩ አካሄድ እንረዳዋለን፤ ኮምፒዩተር ግን ካላስተማሩት ከየት ያገኘዋል? በጎጃም የቅኔ ቤት ኅብረ ቃል ጌጥ ነው፤ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ግን አደጋ ነው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ተደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ያቀረበው «ኢላይዛ» የተባለ ፕሮግራም ከሰው ጋር በጽሑፍ ይነጋገር ነበር፤ ነገር ግን የጠያቂውን ቃል ገልብጦ ከመመለስ በቀር የሚያስተውለው አልነበረም። ስለ አማርኛም ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 20 ሰዓት ያህል የተነበበ ድምፅ ለምርምር አቀረበ። ማይክል ጋሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበው «ሆርንሞርፎ» የአማርኛን፥ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ከነሥራቸውና ከነቅጥያቸው የሚተነትን ፕሮግራም አሳየ። ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ጋር ቈጠረ።

እኛ የምንለው ግን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለአገራችን ሰው የሚሆነው ሥራ ከጽሑፍ ይልቅ በድምፅ ላይ ይበርታ የሚል ነው። ፊደል የሚሰውረውን መጥበቅና መላላት ጆሮ ይሰማዋል፤ ደግሞም መሣሪያው አብልጦ የሚያስፈልገው ማንበብ ላልተማረው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነው። ከወረቀት የተነበበ ድምፅ ግን የገበያ ንግግር አይደለም። በታንኳ ላይ የሚጣራውን፥ በገበያ የሚከራከረውን፥ ሳል የሚያቋርጠውን ሰው ያልሰማ ኮምፒዩተር የዚህን አገር ሰው ሊረዳ አይችልም።

አንዳንዶች «የውጭ ኩባንያዎች ይሠሩልን የለምን?» ይላሉ። እነርሱ በብዛት የሚሰበስቡት በኢንተርኔት የተገኘውን ነው፤ የሐይቁ ዳር ንግግር ግን በዚያ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ሥራው የእኛ የተማሪዎቹ ነው። ባለቤቱን አስፈቅደን፥ ስሙን ሰውረን ድምፁን እንቅዳ፤ ቃል በቃል ጽፈን የሚጠብቀውን ከሚላላው እንለይ፤ መምህራኖቻችንም ያርሙን። የሚሠራውም መሣሪያ ሲጠራጠር «ያልበላው ማን ነው?» ብሎ መልሶ ይጠይቅ፤ በሕመም ነገር የመጨረሻውን ቃል ሐኪም ይናገር።

በዚሁ ሐይቅ ዳር ወይጦዎች የሚናገሩት የቀድሞ ቋንቋ በወጉ ሳይመዘገብ ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሊቃውንት ያ ቋንቋ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ እንኳ ሊወስኑ አልቻሉም። አማርኛም እንደዚያ ይጠፋል አንልም። ነገር ግን በጊዜው ያልተቀዳ ድምፅ ኋላ ቢፈልጉት አይገኝምና፥ ከዛሬ ጀምረን እንነሣ።