«ታገሡ» ስለሚለው ቃል

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ከኮልፌ ቀራንዮ እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች ስለ መጓጓዣ ያቀረብነው ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ በአንድ ቃል እንደ ተመለሰ ታስታውሳላችሁ። ቃሉም «ታገሡ» የሚል ነው። ባለፈው ስብሰባችን ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ ትዕግሥት የአባቶቻችን ጠባይ ነውና ማመልከቻውን እንተወው ብለው ተናገሩ። ሌሎቹም ትዕግሥት የፈሪ መሸሸጊያ ነው ሲሉ መለሱላቸው። ክርክሩ እስኪመሽ ስለ ቆየ የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠን፤ እስከ ኮልፌ አጠና ተራም በእግራችን ሄድን። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል ይዘው ስለ ሁለት ነገሮች ይከራከሩ እንደ ነበር ያስተዋልነው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

በግዕዝ «ተዓገሠ» ማለት መከራን ተቀበለ ማለት ብቻ አይደለም። ራሱን ገታ፣ ተቈጠበ ማለትም ነው። እንግዲህ የሚገታው ኃይል የሌለው ሰው ምኑን ይገታል? ፈረስ የሌለው ሰው ልጓም ሳበ አይባልም። በሰፈራችን ያሉት ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችን ለሐዘንተኛ «ሰብር አድርጉ» ይላሉ፤ ይህም ከዐረብኛ የመጣ ቃል መያዝና መግታት ከሚል ሥር የወጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ቢሆኑም ሥሮቹ ልዩ ልዩ ናቸው፤ በአሳብ ግን ተገናኝተዋል።

አማርኛችን ግን ከሁለቱም አልፎ ሄዷል። «ቻለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ድንጋዩን ማንሣት የሚችል ሰው ቻለ እንለዋለን፤ በላዩ የወደቀውን ድንጋይ ተሸክሞ የቆመውንም ቻለ እንለዋለን። ሥራውን ቻለ፣ ሕመሙን ቻለ፣ ራሱን ቻለ። ጉልበትና ትዕግሥት በአንድ ቃል የተሰፉ ናቸው። ይህን የመሰለ ቃል ያለው ሕዝብ ትዕግሥትን ድካም ነው ብሎ እንዳላሰበ ግልጽ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር መደበቅ አይገባንም። በየመንደሩ «ቻይ ናት» እየተባለች የምትመሰገን ሴት አለች። ሌሊት ተነሥታ ትጋግራለች፣ ቀን ገበያ ትውላለች፣ ማታ ስድብ ትሰማለች። እኛም ይህን ምስጋና ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ምስጋናውን አጥብቆ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ስናስብ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ሸክሙን የጫነባት ሰው ሆኖ አገኘነው። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚነገርበት አፍ ግን መመርመር አለበት።

እጅ መንሣትና እጅ መስጠት ደግሞ ለጆሮ ይቀራረባሉ። እጅ የነሣ ሰው አክብሮ ጎንበስ ይላል፣ ተመልሶም ቀና ይላል። እጅ የሰጠ ሰው ቀና የሚለው ሌላው ሲፈቅድለት ነው። «ገዛ» የሚለውም ቃል ለገበያና ለመንግሥት አንድ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የተገዛ ሰው ዋጋው ተከፍሏል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራን ግን «ለመደ» የሚለው ነው። እጅ የሰጠ ሰው የሰጠበትን ቀን ያስታውሳል፤ የለመደ ሰው ግን ቀን የለውም። ከብት ሲሆን ለማዳ ይባላል።

በእነዚህ መካከል የቆመ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ደጅ ጥናት ነው። በቀድሞ ዘመን ሹመት ወይም ፍርድ የፈለገ ሰው ከጌታው ደጃፍ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆም ነበር። ጧት መጥቶ ይታያል፣ እጅ ነሥቶ ይመለሳል፣ በማግሥቱም ይመጣል። ደጅ ጠኚው የሚፈልገውን ስለሚያውቅና ስለማይረሳ እጅ ሰጥቷል ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን ጌትየው ያስጠበቀው የሚያጣራው ጉዳይ ኖሮት ሳይሆን የጠባቂው መብዛት ክብር ስለሚሆነው ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያ የተደረደረውን አግዳሚ ወንበር የሚያውቅ ሰው ይህ ልማድ ፈጽሞ አልቋል ብሎ አይምልም። (ጥናት የምንለው የእኛ ሥራና ደጅ ጥናት በአንድ ቃል መጠራታቸውን ለመምህራኖቻችን ትተነዋል።)

ይህን ሁሉ ስናስብ የራሳችን ሰፈር ያየው አንድ ሰው ትዝ አለን። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት ተቀበለ። የደቡብ አፍሪካው ብሔራዊ ኮንግረስ በ1904 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ኃምሳ ዓመት ያህል በማመልከቻ፣ በሰልፍና በእምቢታ ሲታገል ኖሮ፣ በ1952 ዓ.ም. በሻርፕቪል 69 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ነበር ጦር ወደ ማንሣት የሄደው። ማንዴላ በኮልፌ ተኩስንና ፈንጂን ተማረ፣ ረጅም የእግር ጉዞም ተጓዘ። ትምህርቱ ለስድስት ወር የታሰበ ሲሆን በስምንት ሳምንት ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ፤ ሲሰናበትም ኮሎኔል ታደሰ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ በሐምሌ ወር ተያዘ።

ከፈጥኖ ደራሽ የተማረው ሰው 27 ዓመት ጠበቀ። አሁን ጥያቄው፣ ይህ ሰው ታገሠ ወይስ እጅ ሰጠ? የሚል ነው። በ1977 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቦታ የትጥቅ ትግልን ካወገዘ እንፈታዋለን አለው፤ እርሱም እምቢ ብሎ በእስር ቤት ቀረ። የወጣው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነው። እምቢ ማለት ሳይችል ቀርቶ ቢቀመጥ ኖሮ መታሰር ብቻ ይሆን ነበር። በሩ ተከፍቶለት ሳለ ያልወጣባት ቀን ናት ትዕግሥቱን ትዕግሥት ያደረገችው ብለን እናምናለን።

የሰፈራችንን ስም ያስገኘው ቀራንዮ ራሱ የመከራ ስፍራ ስም ነው፤ ባለፈው ስብሰባም ይህን ያስታወሱን ነበሩ። እኛም እናስታውሳቸው። በወንጌል እንደምናነበው፣ ወደዚያ ስፍራ ከመወሰዱ በፊት በጥፊ የመታውን ሎሌ ለምን እንደ መታው ጠይቆታል።

አባቶቻችን ታጋሾች ነበሩ ለሚሉትም ጓደኞቻችን አንድ ነገር እንጨምራለን። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። በአዋጁና ከእርሱ በኋላ በሆነው ነገር ላይ አሳባችን ሊለያይ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ አልተተወም። ታላላቆቻችን መታገሥን ያውቁበት ነበር።

የመጨረሻው ቃላችን «አቤት» ነው። ልጅ ሲጠራ አቤት ይላል፣ ሎሌም ለጌታው አቤት ይላል፤ ከዚህ የበለጠ የመታዘዝ ቃል በቋንቋችን የለም። ይኸው ቃል ግን የተበደለ ሰው ከዳኛ ፊት ቆሞ የሚጮኸው ጩኸት ነው፤ አቤቱታም የተባለው ከእርሱ ነው። እንግዲህ አቤት ያለ ሰው ታዘዘም ከሰሰም ለማለት ያስቸግራል።

አራተኛው ማመልከቻ ተጽፎ አልቋል። «ታገሡ» ለተባልነው መልስ፣ እየታገሥን መሆናችንንና የምንጠብቀውም አውቶቡሱን መሆኑን በትሕትና ገልጸንበታል። ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት እናስገባዋለን። ያልፈረማችሁ ወረቀቱ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባለፈው ጊዜ የተቃወማችሁንም ብዕር አልከለከልናችሁም።