ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን ጠይቁ፦ ለቤተሰብ ንግድ ፕሮግራም ስንመርጥ

ዛሬ የማወራችሁ ከናታንያ መሀል ከተማ ነው። ርዕሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል፣ ግን እስቲ ታገሱኝ። ለትንሽ ንግድ የቴክኖሎጂ አቅራቢ እንዴት ይመረጣል? ማለትም ሐሽቦኒት የሚያወጣውን፣ ክፍያ የሚቀበለውን፣ ሂሳብ የሚይዘውን ፕሮግራም ከማን እንግዛ?

"እኔ ተማሪ ነኝ፣ ምን አገባኝ?" የሚል ይኖራል። ሱቁ የእናት ወይም የአጎት ቢሆንም፣ ሻጩ ሲደውል ስልኩ የሚሰጠው ለማን ነው? "ና እስቲ፣ ምን እንደሚል ስማልኝ" የሚባለው ማን ነው? በሄርጽል መንገድ አካባቢ ጤፍና በርበሬ ለሚሸጥ፣ ፀጉር ለሚሠራ ወይም የጽዳት ሥራ በኮንትራት ለሚይዝ ዘመድ የዕብራይስጡን ውል የምናነብለት እኛ ነን። ሳናስበው የቤተሰቡ አማካሪ ሆነናል። ስለዚህ ሥራውን አውቀን እንሥራው።

መጀመሪያ፣ ድሮ ደብተር ይበቃ ነበር። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማዓም ከ17 ወደ 18 በመቶ ወጣ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ አንዱ አቅራቢ ፕሮግራሙን በራሱ ያስተካክላል፣ ሌላው ቴክኒሻን ልኮ ተጨማሪ ያስከፍላል። በተጨማሪ "ሐሽቦኒት ይስራኤል" የሚባል ሥርዓት መጥቷል። ኦሴክ ሙርሼ የሆነ ሰው ለሌላ ነጋዴ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ሐሽቦኒት ሲጽፍ፣ ከግብር ባለሥልጣኑ ቁጥር መቀበል አለበት። ቁጥሩ ከሌለ ገዢው የከፈለውን ማዓም ማስቀነስ አይችልም። መነሻው በ2024 25,000 ሼቄል፣ በ2025 20,000 ነበር። ለ2026 ከጃንዋሪ 10,000፣ ከጁን ደግሞ 5,000 ተብሎ ተወስኗል። አያችሁ? መጀመሪያ ትልልቆቹን ብቻ ነበር የሚነካው፤ እየወረደ እኛ ዘንድ ደረሰ። የጽዳት ሥራ የያዘው አጎት ቁጥር የሌለው ሐሽቦኒት ከላከ ክፍያው ሊዘገይበት ይችላል።

እሺ፣ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሻጩ ምን ያሳየናል? የሚያምር ስክሪን፣ የመጀመሪያ ወር በነፃ፣ ጣፋጭ ምላስ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ጠይቁ የምለው፦ "መልቀቅ ብንፈልግ እንዴት እንወጣለን?" የሚለውን ነው።

ለምን? የሂሳብ መዝገብን ቢያንስ ለ7 ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ግብር ሰብሳቢው መዝገቡን ሲጠይቅ የሚጠይቀው የሱቁን ባለቤት ነው፣ አቅራቢውን አይደለም። አቅራቢው ቢዘጋ፣ ዋጋ ቢጨምር ወይም ብትጣሉ፣ ያ ሁሉ ወረቀት እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። እዚህ አገር የሂሳብ ፕሮግራሞች በግብር ባለሥልጣኑ ዘንድ ይመዘገባሉ፤ መዝገቡንም "ሚቭኔ አሒድ" በሚባል አንድ ዓይነት ፋይል እንዲያወጡ ይጠበቃል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት "ተመዝግቧል? ይህን ፋይል እኛው ራሳችን ማውጣት እንችላለን? አሁን አሳየን" በሉት። የሚያሳይ ያሳያል። "ምን ያስጨንቃችኋል፣ እኛ አለን" የሚል ካለ ግን ብዕሩን አስቀምጡ።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለግል የገዛነውን ነገር በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ እንችላለን። አዲስ ኦሊም፣ 65 ዓመት የሞላቸውና የአካል ጉዳት ያለባቸው ደግሞ ከሻጩ ጋር ተነጋግረው የገዙትን ለመሰረዝ እስከ 4 ወር አላቸው። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሕጉ ሸማች የሚለው በዋናነት ለራሱ፣ ለቤቱ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛውን ነው። ለሱቁ ብሎ የፈረመ ሰው በዚህ ሕግ ሸማች አይደለም። እናታችን ለቤቷ ስልክ ስትገዛና ለሱቋ ፕሮግራም ስትገዛ ያው እናታችን ናት፤ በሕጉ ዓይን ግን ሁለት ሰው ናት። "ካልተመቸን እንሰርዘዋለን" ብላችሁ አታስፈርሟት። የመውጫው መንገድ ውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ሊሆን ይችላል። ለስንት ወር ነው? በራሱ ይታደሳል ወይ? ቀድሞ ለሚወጣ ቅጣቱ ስንት ነው? በቃል የተባለው ሁሉ በጽሑፍ ይምጣ፣ በዋትስአፕም ቢሆን።

ሦስተኛ፣ አርብ ጠዋትን አስቡ። ሰንበት ሊገባ ነው፣ ሱቁ በሰው ተሞልቷል፣ ማሽኑ ቆመ። ስልክ የሚያነሳ አለ? እናታችን ራሷ ደውላ ልትግባባ ትችላለች ወይስ እናንተ ከክፍል ወጥታችሁ ነው የምታስተረጉሙት? ፈተና ላይ ስትሆኑስ? ርካሹ አቅራቢ የሚወደደው ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ፣ አማካሪን በተመለከተ። በኢኮኖሚ ሚኒስቴር ሥር ያለው የትናንሽና መካከለኛ ንግዶች ኤጀንሲ "ማዖፍ" የሚባሉ ማዕከላት አሉት፤ መንግሥት ከፊሉን የሚከፍልለት ምክር ይሰጣሉ። ሮኤ ሔሽቦኑንም ጠይቁ፣ ፋይሉን የሚቀበለው እሱ ነውና። ግን ማንም ቢሆን አንድ ድርጅት ሲጠቁማችሁ፣ "ከእነሱ ኮሚሽን ታገኛለህ?" ብላችሁ በጨዋነት ጠይቁ። ነውር አይደለም። ኮሚሽን መቀበሉ ብቻውን ሰውዬውን ሌባ አያደርገውም፤ ምክሩን በምን ሚዛን እንደምትመዝኑት ግን ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ስታስተረጉሙ ዋጋውን ብቻ አትተርጉሙ። ቅጣቱንም፣ ትንንሹንም ጽሑፍ በአማርኛ ንገሯቸው፤ ውሳኔው የእነሱ ይሁን። ሱቁን በላባቸው ያቆሙት እነሱ ናቸው። ለመፈረም አትቸኩሉ፤ እውነተኛ ቅናሽ ከሆነ ነገም ይጠብቃል።